የብሎኬት ግድግዳ የውጭ ልስን፦ በሲሚንቶ ብቻ፣ ኖራ ተጨምሮበት ወይስ በከረጢት የተዘጋጀው?

ቤት ሠሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት ቤት ሠርቼ የውጭ ልስን ላስጀምር ነው፤ ግን ፈርቻለሁ። ባለፈው ያስለሰንኩት አጥር ዓመት ሳይሞላው የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አወጣ። ሳንኳኳው ብዙ ቦታ ላይ እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ተላቆ ወድቋል። የወደቀውን ገልብጬ ሳየው ጀርባው ልስልስ ያለ ነው፤ በጣቴ ስነካው አቧራ ይለቃል። የአሁኑ ግንበኛ «አንድ ሲሚንቶ በሦስት አሸዋ እናድርገው፣ መጨረሻ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ እየነሰነስን እናለስልሰው» ይላል። ሌላ ባለሙያ ደግሞ በከረጢት የሚመጣውን ዝግጁ ልስን ግዛ አለኝ። የቱን ልምረጥ? ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶው) እና ብሎኬት የሚገናኙበትስ ቦታ ምን ይደረግ?

የቆየ ለሳኝ፦
ወንድሜ፣ የወደቀው ቁራጭ ራሱ ነግሮሃል። ጀርባው ለስላሳና አቧራማ ከሆነ ልስኑ ብሎኬቱን አልያዘውም። ወይ ግድግዳው ሳይጠረግ ተለስኗል፣ ወይ ብሎኬቱ በጣም ደርቆ ስለነበር ሲሚንቶው ሳይጠነክር ውሃውን መጦበታል። ውሃ ያጣ ሲሚንቶ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

ሳትጀምር ግድግዳው ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ እርጭ። ወዲያው ጭልጥ አድርጎ ከጠጣው ቀድመህ አርጥበው፤ የላዩ ውሃ አብረቅራቂነቱ ሲጠፋ ልስኑን ጀምር። ውሃው ሳይገባ ከወረደ ደግሞ ፊቱ ዘይት ነክቶታል ወይም በጣም ለስላሳ ነው፤ መፋቅ አለበት።

1 ለ 3ን ለጠቅላላው ልስን አልመክርህም። ሲሚንቶ ሲበዛ ልስኑ ሲደርቅ አብዝቶ ይኮማተራል፤ ከስሩ ያለው ብሎኬት ደግሞ ከእሱ የላላ ነው። ጠንካራው የላላውን ሲጎትት ወይ ራሱ ይሰነጠቃል ወይ ተላቆ ይነሳል። እያንዳንዱ እጅ (የልስን ንብርብር) ከስሩ ካለው መብለጥ የለበትም፣ በጥንካሬም በውፍረትም፤ ስስ ማያያዣ የሆነው ርጭት ግን እዚህ አይቆጠርም። እኔ እንዲህ ነው የምሠራው፦ መጀመሪያ ርጭት፣ አንድ ሲሚንቶ በሁለት ተኩል ሻካራ አሸዋ፣ ቀጠን ተደርጎ በማንኪያ ይወረወራል እንጂ አይለሰልስም፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊ። ቢያንስ አንድ ቀን እርጥበቱን ጠብቄ አቆየዋለሁ። ሁለተኛው እጅ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ፣ ከ10 እስከ 12 ሚሊ፤ ሳይጠነክር በሚስማር መፋቂያ እጭረዋለሁ። የመጨረሻው በዚያው ምጥጥን ከ5 እስከ 7 ሚሊ፣ በእንጨት ታሎሽ (ማሻ ጣውላ) ይታሻል። ደረቅ ሲሚንቶ መነስነሱን ተወው። ላይ ላዩን የሚቀረው ጠንካራ ቅርፊት ነው የሸረሪት ድሩን ያመጣው።

የሳይት ተቆጣጣሪ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ስለ ኮለኑ ልጨምር። ኮንክሪትና ብሎኬት ሙቀትና እርጥበት ሲቀያየር እኩል አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ የማይዝግ የሽቦ መረብ ከግራም ከቀኝም 15 ሳንቲ ያህል ይዞ ይመታ። መረቡ ልስኑ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ብሎኬቱ ላይ ከተለጠፈ ምንም አይሠራም። የበርና የመስኮት ማዕዘን ላይ ደግሞ ስንጥቅ የሚነሳው በሰያፍ ስለሆነ የስንጥቁን መንገድ የሚያቋርጥ ቁራጭ መረብ ጨምርበት። የኮለኑ ፊት ለስላሳ ከሆነ በመዶሻ ይወቀር።

ሌላው፣ የውጭ ልስኑን መሬት አታስነካው፤ 15 ሳንቲ ያህል ከፍ ብሎ ይቁም፣ ጠርዙም ውሃ ወደ ውጭ እንዲያንጠባጥብ ይሠራ። መሬት የነካ ልስን እርጥበቱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ከዚያ ነጭ ጨው ታያለህ፣ ቀለሙም ይላጣል።

ዝግጁውን የሞከርኩ፦
እኔ በከረጢት የሚመጣውን ተጠቅሜ ደስ ብሎኛል። ምጥጥኑ ከፋብሪካ ስለሚወጣ አንዱ ቅልቅል ከሌላው አይለይም፤ ቀለሙም ውስጡ ያለ ስለሆነ በኋላ አልቀባሁም። ነገር ግን ግድግዳው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። የእኔ አንዱ ጎን በቱንቢ ሲለካ 3 ሳንቲ ወጥቶ ስለነበር ቀድሜ በተራ ልስን ማስተካከል ነበረብኝ። ውፍረቱንና የውሃውን መጠን ከረጢቱ ላይ እንደተጻፈው አድርግ፤ በዓይን እየገመትክ ውሃ አትጨምር። ቀለም ያለውን ልስን በጠራራ ፀሐይ ስታስለስን ደግሞ ቀለሙ ዝንጉርጉር ይሆናል።

ቤት ሠሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኔ ግድግዳም ቀጥ አላለም፤ በኖራው እሄዳለሁ። ጥሩ ኖራ ባላገኝስ? ግንበኛው ፈሳሽ ሳሙና እንጨምር ይላል።

የቆየ ለሳኝ፦
ሳሙናውን ተወው። አረፋው ስንት አየር እንዳስገባ ማንም አይለካውም፤ ልስኑ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ለልስን ተብሎ የተሠራ ማለስለሻ ፈሳሽ ካገኘህ፣ እንደ መመሪያው አድርገህ ያለ ኖራ አንድ ሲሚንቶ በ5 ወይም በ6 አሸዋ መጠቀም ትችላለህ። የተቦካው ድብልቅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ፤ ሲጠነክር ውሃ ጨምሮ ማላላት የለም። ልስኑን ቢያንስ ሦስት ቀን ውሃ አጠጣው፣ ከፀሐይና ከነፋስም ከልለው። ቀለም ከመቀባትህ በፊት አራት ሳምንት ታገስ። አሸዋህን ግን አይተኸዋል?

ቤት ሠሪ፦
ዛሬ ብርጭቆ ውስጥ ከውሃና ከትንሽ ጨው ጋር ነቅንቄ አስቀመጥኩት። ሲረጋ አሸዋው 10 ሳንቲ፣ ከላዩ ያለው ጭቃ አንድ ሳንቲ ተኩል ሆነ።

የሳይት ተቆጣጣሪ፦
ብዙ ነው፤ ከአሸዋው 15 በመቶ መሆኑ ነው። ከ8 በመቶ በላይ ሲሆን አይወሰድም። ወይ ይታጠብ ወይ ይቀየር፤ ይህ ሳይስተካከል ለሳኙን አታስጀምር።