ለማሙሽ ግርዛት የትኛው ይሻላል? የኔ ጥቆማ

ወንድ ልጅ በየትኛው መሣሪያ ቢገረዝ ይሻላል፣ በቀለበቱ ወይስ በሌላው ላላችሁ፣ ለአራስ ልጅ ከሆነ እኔ ፕላስቲቤል የሚባለውን የፕላስቲክ ቀለበት ነው የምጠቁመው። ግን ከመሣሪያው ይልቅ የሠሪው እጅ ይወስናል። ጎምኮ በሚባለው ሌላ መሣሪያ ላይ እጁ የተፍታታ ሐኪም ካገኛችሁ የግድ ፕላስቲቤል ካልሆነ ብላችሁ አታስጨንቁት።

ሁሉም የሚሠሩት ያው ነው፣ የብልቱን ጫፍ የሸፈነውን ሸለፈት ማንሳት። በፕላስቲቤል የፕላስቲክ ቀለበት ከሸለፈቱ ስር ይገባና ቆዳው ላዩ ላይ በክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ትርፉ ይቆረጣል። ቀለበቱ በሳምንት አካባቢ ራሱ ይወድቃል፤ እባካችሁ አትጎትቱት። ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ወይም ዙሪያው ካበጠ ግን ሳታድሩ ሐኪም ይየው። ጎምኮ የብረት ነው። ቆዳውን ጨምቆ ደሙን ያቆማል፣ ከዚያ ይቆረጣል፤ ቤት ይዛችሁት የምትሄዱት ነገር የለም። ሞገን የሚባለው ሌላ የብረት መቆንጠጫ ከሁሉም ይፈጥናል፣ ነገር ግን ጫፉን የሚከልል ሽፋን የለውም። ልምድ የሌለው ሰው ሞገን ከያዘ ልጄን አልሰጠውም።

ማደንዘዣውን ሳትጠይቁ ቀጠሮ እንዳትይዙ። «ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል» የሚላችሁ ካለ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ያመዋል! ከሚቀባው ይልቅ በመርፌ የሚሰጠው ይበልጥ ያደነዝዛል።

ቀድሞ መታየት ያለበትም አለ። የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ዝቅ ብሎ ከተገኘ አይገረዝም፣ ምክንያቱም ሸለፈቱ ለማስተካከያው ቀዶ ሕክምና ይፈለጋል። በቤተሰብ ደም አልቆም የሚለው ሰው ካለ ተናገሩ። ያለጊዜው የተወለደ ወይም የታመመ ልጅም እስኪጠነክር ይቆይ።

«ግን ለምን ይገረዛል?» ላላችሁት፣ ለብዙው ሰው ሃይማኖትና ባህል ነው። በሕክምና ደግሞ ሸለፈቱ በጠባሳ ሲጠብ ወይም ደጋግሞ ሲቆስል ይታዘዛል። የትንሽ ልጅ ሸለፈት ወደ ኋላ አለመመለሱ ብቻውን ተፈጥሮ ነው፣ በሽታ አይደለም፤ በግድ እንዳትስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ግርዛትን መክሯል፤ ወንድ ከሴት የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ። ኮንዶምን ግን አይተካም።

ከተገረዘ በኋላ ጫፉ ላይ ቢጫ ስስ ነገር ሲታይ ብዙ እናት መግል መስሏት ትፍቀዋለች። መዳኛው ነው፣ ተዉት። ቀለበት ከሌለው ዳይፐሩ እንዳይጣበቅ ቫዝሊን ቀቡለት። ደሙ አልቆም ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ግማሽ ቀን ሙሉ ካልሸና ግን እስኪነጋ አትጠብቁ።

ለአዋቂ ሰው የቱ ይሻላል ብለህ ለጠየቅከኝ ወንድሜ፣ ሻንግ ሪንግ የሚባለው ቀለበት አለ፤ ስፌት የለውም፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ ይወጣልሃል። የትኛውንም ብትመርጥ ስድስት ሳምንት ከግንኙነት ትታቀባለህ።