የቤዝመንት ግድግዳን ከ30 ወደ 20 ሳንቲሜትር ማቅጠን ይቻላል?

ጥያቄ
ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ ቤዝመንት ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እያሠራሁ ነው። በንድፉ የቤዝመንቱ የአርማታ ግድግዳ ቁመቱ 3 ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሳንቲሜትር ነው። ሥራ ተቋራጩ «20 ይበቃል፤ ሲሚንቶ ይተርፋል፣ የመኪና ማዞሪያውም ይሰፋል» ይለኛል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ቁፋሮው ሁለት ሜትር ሳይደርስ ውሃ ፈልቋል። ምን ምን መፈተሽ አለበት?

መልስ (የስትራክቸር መሐንዲስ)
ወንድሜ፣ ንድፉን የሠራው መሐንዲስ አስልቶ ሳይፈርም አንዲት ሳንቲሜትር እንዳያስነኩ። ውሃው እስከ ግድግዳው አናት ቢሞላ ግርጌውን በካሬ ሜትር 3 ቶን ያህል ይገፋል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ድምሩ 4.5 ቶን ነው። የአፈሩ ግፊት፣ የዋልካው እብጠትና በአጠገቡ የሚቆም መኪና ገና አልተጨመሩም።

በአፈሩ በኩል ፌሮው 5 ሳንቲሜትር ሽፋን ይፈልጋል። ስለዚህ በባለ 14 ሚሊሜትር ፌሮ የግድግዳው ውጤታማ ጥልቀት (ከውስጠኛው ፊት እስከ ፌሮው መሃል ያለው ርቀት) ከ24 ወደ 14 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ያንኑ ጭነት ለመሸከም 1.7 እጥፍ ያህል ብረት ያስፈልጋል። ከሲሚንቶ የተረፈው ብር ለፌሮ ይወጣል ማለት ነው። ግድግዳው ስታፋ (ዋናውን ፌሮ አቋርጦ የሚያስር ቀጭን ብረት) ስለሌለው ግርጌው ላይ ሸርም፣ ማለትም ግፊቱ አርማታውን ሊቆርጠው መቻሉ፣ ይታይ። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ስንጥቁ ነው፤ ውሃ እንዳያሳልፍ ከተፈለገ ከ0.2 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተደርጎ ይሰላል። ሳይወድቅ ዕድሜ ልኩን የሚያንጠባጥብ ግድግዳ ብዙ ነው።

መልስ (የሳይት ፎርማን)
የላይኛው ሶሌታ (የቤዝመንቱ ጣሪያ የሚሆነው አርማታ) ሳይሞላ አፈር እንዳይመልሱ! በ20 ሳንቲሜትር ውስጥ ሁለት ረድፍ ፌሮ ከገባ ቫይብሬተሩ መግቢያ ያጣል፤ አርማታው በደንብ ካልተጠቀጠቀ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ማዞሪያውስ በምን ይሰፋል? ኮለኖቹ ወደ ውስጥ ወጣ ካሉ መኪናው የሚያልፈው በእነሱ ልክ ነው።

መልስ (የስትራክቸር መሐንዲስ)
ስለ ሶሌታው የተባለው ትክክል ነው። አናቱ ከተደገፈ የውሃው ግፊት ግርጌው ላይ የሚፈጥረው ሞመንት (ግድግዳውን የሚያጎብጠው ኃይል) በሜትር 18 ኪሎኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ካልተደገፈ 45 ይደርሳል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። የአፈር ምርመራው ግንቦት ላይ ተሠርቶ ውሃው 2.5 ሜትር ላይ እንዳለ ይገልጻል። በዚያ ይሰላ?

መልስ (የስትራክቸር መሐንዲስ)
አይሆንም። ግንቦት ሐይቁ የሚጎድልበት ወቅት ነው፤ የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም አካባቢ ነው። የእርስዎም ቁፋሮ ከዚያ ከፍ ብሎ ውሃ አግኝቷል። መሐንዲስዎ በከፍተኛው የውሃ ደረጃ ያስላ፤ መንሳፈፍንም ይፈትሽ። ግድግዳው በ10 ሳንቲሜትር ሲቀጥን በየሜትሩ 750 ኪሎ ያህል ክብደት ይቀንሳል፤ ከታች ግን ውሃው ወለሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ፎቆቹ ተሠርተው በቂ ክብደት እስኪያገኝ ድረስ የከርሰ ምድር ውሃውን የሚስበው ፓምፕ እንዳይጠፋ። 25 ሳንቲሜትር ይሆን እንደሆነ በእነዚህ ሁሉ አስልቶ በጽሑፍ ይስጥዎት፤ እስከዚያ ካሳፎርማው በ30 ይታሰር።