የጎደሉትን ፋይሎች ብቻ መገልበጥ፦ ሲፒ -ኤን ይበቃል?

ሂርማታ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነው። የፎቶ ቤት ኮምፒውተር ነው፣ ኡቡንቱ። «የሰርግ ፎቶ» የሚለው ፎልደር፣ 180 ጊጋ፣ በሲፒ -አር (በተርሚናሉ የመገልበጫ ትዕዛዝ) ወደ ኤክስተርናል ዲስክ እየተገለበጠ ሳለ መብራት ጠፋ። ከዜሮ ሳልጀምር የቀረውን ብቻ ለመገልበጥ ሲፒ -ኤን ይበቃል?

ቦዬ፦
አይበቃም ወንድሜ። -ኤን የሚያየው ስም ብቻ ነው። መብራቱ ሲሄድ በመገልበጥ ላይ የነበረው ፎቶ ስሙ ዲስኩ ላይ ስላለ ይዘለዋል። በኋላ ስትከፍተው ከሙሽራዋ ወገብ በታች ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አርሲንክ የሚባለው ሌላው የመገልበጫ ትዕዛዝም በ--ኢግኖር-ኤግዚስቲንግ (ያለውን እለፍ) ካስኬድከው እንዲሁ ይዘለዋል። ስለዚህ በአርሲንክ፣ በፋይል መጠን አወዳድር፦

አርሲንክ -ኤቪኤን --ሳይዝ-ኦንሊ "የሰርግ ፎቶ/" "/ሚዲያ/ዲስክ/የሰርግ ፎቶ/"

እንደሚነበብ ነው የጻፍኩት፤ ስትተይበው በትንንሽ የላቲን ፊደል ይሁን፣ የዲስኩንም አድራሻ በራስህ ተካ። ስሙ ክፍት ቦታ ስላለው ጥቅሱ የግድ ነው። ልብ በል፦ በሲፒ «ያለውን አትንካ» የነበረው -ኤን በአርሲንክ «ዝርዝሩን ብቻ አሳየኝ» ማለት ነው። ዝርዝሩን ካየህ በኋላ ኤኗን አውጥተህ ድገመው።

ሂርማታ፦
ሞከርኩት፤ የተገለበጡትንም ጨምሮ ሁሉንም ዘረዘረ።

ጊቤ፦
ከመጀመሪያው አድራሻ መጨረሻ ላይ ያለችውን ስላሽ ረስተሃል። ስላሿ ካለች የፎልደሩ ይዘት ይሄዳል፤ ከሌለች ፎልደሩ ራሱ ይሄድና «የሰርግ ፎቶ» ውስጥ ሌላ «የሰርግ ፎቶ» ይፈጠራል። እንኳን በሙከራ ላይ ታየ።

--ሳይዝ-ኦንሊንም አታውጣት። አርሲንክ ያለ እሷ መጠንና ቀን ያወዳድራል። ሲፒ ያለ -ፒ (የድሮውን ቀን ከሚያቆየው ምርጫ ውጭ) ሲገለብጥ ደግሞ ፋይሉ የተገለበጠበትን ቀን ስለሚይዝ፣ 180ው ጊጋ እንደገና ይሄዳል።

መጠን ብቻውን የማይይዘው አንድ ነገር አለ። ሊኑክስ ወደ ዲስክ የሚጻፈውን መጀመሪያ ራም ላይ ስለሚያቆየው፣ ከመብራቱ መጥፋት በፊት በነበሩት ሰከንዶች የተገለበጡ ፎቶዎች መጠናቸው ሙሉ ሆኖ ውስጣቸው ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ይገለበጥ በነበረው ንዑስ ፎልደር ላይ ብቻ በ--ሳይዝ-ኦንሊ ፋንታ -ሲ ተጠቀም፤ ይዘቱን አንብቦ ያወዳድራል። በሙሉው ላይ ካደረግከው ሁለቱንም ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ ሰዓታት ይፈጃል።

ቦዬ፦
የዲስኩ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ቪዲዮ አይቀበልም፤ እሱ ብቻ ደጋግሞ ኤረር ከሰጠህ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከመንቀልህ በፊት ራም ላይ የቀረው ዲስኩ ላይ እንዲጻፍ ሲንክ የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥተህ ተርሚናሉ እስኪመለስ ጠብቅ፣ ከዚያ ዲስኩን አንማውንት አድርገው (ከሲስተሙ አላቅቀው)።