የክረምት ጉዞ ዕቅድ፦ በ1812ቱ ጦርነት ላይ ለቦርዱ ምን እንጻፍ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የልጆቹ ጉዞ በ1812ቱ (በፈረንጆቹ) የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦርነት ላይ እንዲሆን እሑድ ተስማምተናል። የቀረን ለቦርዱ አንድ ገጽ መጻፍ ነው። መነሻ ይሁነን ብዬ ይኼን አስቀምጫለሁ፦ ጠዋት ባልቲሞር የእንግሊዝን ድብደባ የተቋቋመው ምሽግ ፎርት ማክሄንሪ፣ ከሰዓት ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብተው ያኔ ምሽጉ ላይ የተውለበለበውን፣ ለአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር መነሻ የሆነውን ትልቁን ባንዲራ ማየት። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

የአሌክሳንድሪያው፦ አትቀየሚኝና ይኼ ድሉ ብቻ ነው። መዝሙሩንማ ትምህርት ቤት ያውቁታል። ጦርነቱ ለምን ተነሳ? እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር ተናንቃ መርከበኛ አጠራት፣ ስለዚህ የአሜሪካን መርከብ ባሕር ላይ እያስቆመች "አንተ የኛ ዜጋ ነህ" እያለች በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወሰደች። አፈሳ ነው በቃ! ለወላጆች በዚህ ቃል ከነገርናቸው ሌላ ማብራሪያ አያሻም። በ1807 ኖርፎክ አጠገብ ሌፐርድ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ቼሳፒክን ደብድቦ 3 ሰው ገደለ፣ 4 መርከበኛ አፍሶ ሄደ።

ጋሼ (ጡረተኛው መምህር)፦ ልጄ፣ አፈሳው ልክ ነው። ግን የአሜሪካ ምዕራብ ሰው ባሕር አይቶ አያውቅም፣ እሱ የፈለገው መሬት ነው። የነባሮቹን ሕዝቦች መሬት፣ ሲሆንለት ደግሞ ካናዳን። የነባሮቹ መሪ ቴኩምሴ ጎሳዎቹን አስተባብሮ ከእንግሊዝ ጎን የቆመው ለዚህ ነው፣ በ1813ም ሞተ። ደግሞ ይኼን ጻፉልኝ፦ ጦርነቱ የታወጀው ጁን 18 ነው። ከሁለት ቀን በፊት ለንደን ፓርላማ ውስጥ እንግሊዝ አሜሪካን ያስቆጣችበት የንግድ እገዳ እንደሚነሳ ተነግሮ ነበር። ወሬው ገና መርከብ ላይ ነበር!

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ የፈራሁት የልጄን ጥያቄ ነው። "እማ፣ ጥቁሮቹ ከማን ጋር ነበሩ?" ማለቷ አይቀርም።

ጋሼ፦ ከሁለቱም ጋር በያት እቴ። በ1814 የእንግሊዙ አድሚራል ኮክሬን "ወደ እኛ የመጣ ነጻ ነው" ብሎ አወጀ። ወደ 4,000 የሚሆኑ ባሮች ከነልጆቻቸው በጀልባ አመለጡ። ከፊሎቹ የእንግሊዝን ቀይ ኮት ለብሰው የቀድሞ ጌቶቻቸውን ወጉ። ብዙዎቹ ኖቫ ስኮሺያና ትሪኒዳድ ሰፈሩ። ቻርልስ ቦል ደግሞ እሱም ከባርነት ያመለጠ ሆኖ ዋሽንግተን አጠገብ ብላደንስበርግ ላይ ለአሜሪካ ተዋጋ።

ሹፌሩ፦ ብላደንስበርግ?! በየቀኑ በታክሲ የማልፍባት? እንጨምራት እንጂ፣ መንገድ ላይ ናት።

የአሌክሳንድሪያው፦ ትጨመር። ኦገስት 24 ቀን 1814 የአሜሪካ ሚሊሻ እግሬ አውጪኝ ያለው እዚያ ነው። ማታውን እንግሊዞቹ ኋይት ሀውስ ሲገቡ ማዕድ ተሰናድቶ ጠበቃቸው። በልተው፣ ወይኑንም ጠጥተው ሲያበቁ ቤቱን አቃጠሉት። ካፒቶልም ከነመጻሕፍቱ ነደደ። የኔ ከተማ አሌክሳንድሪያ ደግሞ አንድ ጥይት ሳትተኩስ እጅ ሰጥታ ዱቄቷንና ትንባሆዋን አስረከበች 😅

እናት፦ መጻሕፍት ሲባል መቅደላ ትዝ አለኝ።

ጸሐፊ፦ እሱ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፣ አሁን አንግባበት። ይልቅ ውጤቱን ምን ብዬ ልጻፍ? አሜሪካ አሸነፈች?

ጋሼ፦ እንደሱ ብለሽ እንዳትጽፊ። ዲሴምበር 24 ቀን 1814 ጌንት (የዛሬዋ ቤልጅየም) ላይ የሰላም ውል ሲፈራረሙ ድንበሩ ወደነበረበት ተመለሰ። ስለ አፈሳው አንድ ቃል አልተጻፈም። አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ላይ ያገኘችው ድል ራሱ የመጣው ከፊርማው በኋላ ነው። ካናዳዎቹ አገራችንን አተረፍን ይላሉ፣ አሜሪካኖቹ ክብራችንን። የነባሮቹ መሬት ግን አልተመለሰም፣ ከዚያ በኋላ የሚያግዛቸው ኃያል መንግሥትም አላገኙም። ማን እንዳሸነፈ ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ይከራከሩበት።

ሒሳብ ያዥ፦ ክርክሩ ነጻ ነው 🙂 ስሚዝሶኒያንም ነጻ ነው። ዋናው ወጪያችን አውቶቡስና ምሳ ነው። ቀኑ?

እናት፦ ከኦገስት 24 በኋላ ያለው ቅዳሜ። ፍልሰታ ይፈታል፣ ዶሮ ወጡ በኔ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ የመጨረሻው ይኼ ነው፦ ጠዋት ፎርት ማክሄንሪ፣ ስንመለስ ብላደንስበርግ ላይ ምሳና የጋሼ ታሪክ፣ ከዚያ ባንዲራው። አፈሳው፣ ቴኩምሴና ያመለጡት ባሮች በጽሑፉ ይገባሉ። ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዎታል?

ጋሼ፦ አርባ ደቂቃ አድርጊልኝ።