የማክስዌል የእኩል ስፋት ደንብ ላይ ማብራሪያ እፈልጋለሁ

ቫን ደር ዋልስ በ1873 ያቀረበው፣ የጋዝንና የፈሳሽን ግፊት፣ ይዘትና ሙቀት የሚያያይዘው ቀመር ከወሳኙ የሙቀት መጠን (ከእሱ በላይ ፈሳሽና ተን የማይለዩበት) በታች ሲሳል፣ የግፊትና የይዘት መስመሩ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ይታጠፋል፤ ፈሳሹና ተኑ አብረው የሚኖሩበትን ግፊት ለማግኘትም ከአግድሙ መስመር በላይና በታች ያሉት ስፋቶች እኩል ይደረጋሉ። ስሌቱ አላስቸገረኝም፤ የጊብስ ነፃ ኢነርጂ (ሙቀትና ግፊት ሳይለወጡ ሚዛንን የሚወስነው መጠን) በሁለቱም ሁነታዎች፣ ለእኩል መጠን ቁስ፣ እኩል መሆን እንዳለበትም እረዳለሁ። እጅግ ያሳሰበኝ ግን ኢንተግራሉ (ስፋቶቹን የሚያሰላው ድምር) የሚያቋርጠው መካከለኛው ክፍል ነው፤ በዚያ ይዘት ሲጨምር ግፊትም ስለሚጨምር ወጥ የሆነ ፈሳሽ ተረጋግቶ ሊቆይበት አይችልም። ታዲያ ሊጸና በማይችል ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ስሌት ስለ እውነተኛው ሚዛን እንዲናገር የሚፈቅድለት ምንድን ነው? በሄልምሆልዝ ነፃ ኢነርጂ (ሙቀትና ይዘት ሳይለወጡ ሚዛንን የሚወስነው መጠን) ኩርባ ላይ የጋራ ታካኪ መስመር፣ ማለትም ኩርባውን በሁለት ነጥቦች የሚነካ አንድ ቀጥታ መስመር፣ መሳልስ ችግሩን ያስወግደዋል ወይስ ያንኑ ግምት በሌላ መልክ ይደግመዋል? ከወሳኙ ነጥብ በላይ ዞሮ ከፈሳሽ ወደ ተን የሚወስድ የተረጋጋ መንገድ ስላለ፣ ማረጋገጫው በዚያ በኩል ሊሠራ የሚችል ከሆነ ደረጃዎቹን ብታሳዩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።