የአራዳ አሮጌ ቤቶች ይጠገኑ ወይስ ይፍረሱ?

ጠያቂው፦ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ በፒያሳ ሳልፍ ዓይኔ የቀሩትን ቤቶች ይፈልጋል። የእንጨት ሰገነት፣ ከውጭ የሚወጣ ደረጃ፣ የዛገ ቆርቆሮ። እነዚህስ ይቆዩ ትላላችሁ? እኔ ይቆዩ ባይ ነኝ።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦ ያደግኩት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ እናቴ ሳፋና ባልዲ ስትደረድር ታድራለች። ሽንት ቤቱ የስምንት አባወራ ነው። ፎቶ አንስቶ የሚሄድ ሰው ይህን አያይም። ይፍረስና እኛም እንደ ሰው እንኑር።

ግንበኛው፦ ወንድሜ፣ ችግራችሁ ይገባኛል። ግን ቤቱን የገደለው እርጅና ሳይሆን ውሃ ነው። አሸንዳው ሲበሳ ውሃው ግድግዳው እግር ሥር ይጠራቀማል። ቋሚው ከታች ይበሰብሳል። ከዚያ ሰው በሲሚንቶ ይለስነዋል፤ የባሰው እሱ ነው! ጭቃና ጭድ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል። ላዩ ያማረ ግድግዳ ሳንኳኳ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ስንቴ አግኝቻለሁ። መጀመሪያ ጣሪያው ይሠራ። ቀጥሎ የበሰበሰው ቋሚ ብቻ ተቆርጦ ይቀየር። የአገራችን አናጢዎች ከህንድና ከአርመን ግንበኞች ጋር የሠሩትን ሰገነት ካፈረስነው ማን መልሶ ይሠራዋል?

ጡረተኛዋ፦ ማን ይጠግነው ልጄ? በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤቱ የቀበሌ ሆነ። በኪራዩ አንድ ቆርቆሮ አይገዛም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን አያፈስም። እኔ ጣሪያ ለመቀየር ፈቃድ ፍለጋ ሁለት ክረምት ተመላልሻለሁ።

ጠያቂው፦ እውነትዎን ነው እማማ። የራስ ብሩ ቤት ሙዚየም ሆኖ ተርፏል፤ የተራው ሰው ቤት ግን ተቆርቋሪ አጣ። ሐረር ጀጎልን ተመልከቱ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ ሰው ግን ዛሬም ይኖርበታል።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦ እሺ፣ ሽንት ቤትና ውሃ ከገባለት ጥገናውን አልጠላም። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። ቤቱ አምሮ ሲያልቅ እናቴ እዚያው ትገባለች ወይስ ካፌ ይከፈትበታል?

ግንበኛው፦ እንደምትመለሱ በውል ሳይጻፍላችሁ አትውጡ። እኔም ሳይጻፍ መሰላሌን አላቆምም።