«አንጀቴን በላው» ወይስ «ሆዴን አባባው»? የበዓል ማስታወቂያ ዘፈኖች ያመጡት የቃል ጣጣ

ቃል ለቃሚ፦

ሰላም የቃል ወዳጆች። ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ መንደርደሪያ ስላለው ግን ታገሱኝ።

የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ የሚለቀቁ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችን ማየት እወዳለሁ። ሱስ በሉት። ዕቃውን ልገዛ አይደለም፣ ዘፈኑን ልሰማ ነው። ዘንድሮ እስኪ ስለ ዘፈኖቹ በአማርኛ ግምገማ ልጻፍ ብዬ ቁጭ አልኩና ገጹ ሳይሞላ ቃል አለቀብኝ። መልሼ ሳነበው «አንጀት የሚበላ» የሚለውን ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሰባት! ለራሴም ሲያስጠላኝ ግማሹን «ሆድ የሚያባባ» ብዬ ለወጥኩት። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። አንዱ ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ሌላው ቦታ ላይ አልቀመጥ አለኝ።

ለምሳሌ ጆን ሉዊስ የተባለው የእንግሊዝ መደብር በ2011 ያወጣውን ውሰዱ (ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንድ ትንሽ ልጅ ገና እስኪደርስ መጠበቅ አቅቶት ይቁነጠነጣል። ሰዓት ያያል፣ ይንቆራጠጣል፣ ቀኑ አልገፋ ይለዋል። እኛም «ስጦታው አጓጉቶት ነው» ብለን ፈገግ እንላለን። ሲነጋ ታዲያ የተደረደረለትን ስጦታ ዘሎ ያልፍና ራሱ እንደ ነገሩ የጠቀለለውን ዕቃ አውጥቶ ለእናት ለአባቱ ይዞ ይሄዳል። ያ ሁሉ መቁነጥነጥ ለመስጠት ነበር! ዘፈኑ ስሚዝስ የተባለው ባንድ በ1984 ያወጣው ነው፣ ለማስታወቂያው አንዲት ሴት ለስለስ አድርጋ እንደገና ዘፍናዋለች። ርዕሱ «እባክህ፣ የምፈልገውን ላግኝ» ዓይነት ልመና ነው። ሰሙ መቀበል፣ ወርቁ መስጠት። ቅኔ እኮ ነው።

እና ጥያቄዬ፣ እዚህ ላይ አንጀቴን የበላው ልጁ ነው ወይስ ዘፈኑ? ወይስ ጭራሽ አንጀቴ አልተበላም?

ጆሮ ጠቢ፦

አልተበላም። ልጁ ምን ሆነና ነው አንጀትህን የሚበላው? ቤቱ ደህና፣ እናትና አባቱ ደህና፣ ስጦታ እንደ ጉድ የተከመረለት ልጅ። ሰው አንጀትህን የሚበላው ተቸግሮ፣ ተገፍቶ ወይ ብቻውን ቀርቶ ስታየው ነው። ይሄኛው ሆድህን አባብቶታል፣ አለቀ።

አንጀት የሚበላ ከፈለግክ የዚያኑ መደብር የ2015ቱን እይ። አንዲት ትንሽ ልጅ በቴሌስኮፕ ጨረቃን ስትመለከት እዚያ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ታያለች። ደብዳቤ ብትልክ አይደርስ። በመጨረሻ ፊኛ ላይ አስራ ቴሌስኮፕ ትልክለታለች። እሱም ወደ ምድር አነጣጥሮ ያያታል። በቃ፣ እዚያች ላይ አንጀቴ ድራሹ ጠፋ። ደግሞ በድንገት የመጣ ነገር አይደለም፤ ማስታወቂያው የተሠራው አረጋውያንን ከሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ነበርና ሆን ብለው ነው አንጀታችን ላይ የዘመቱት። የዘፈነችው ኦሮራ የምትባል የኖርዌይ ልጅ ናት፣ ዘፈኑ መጀመሪያ ኦኤሲስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ነው።

ቃል ለቃሚ፦

እሺ፣ ሽማግሌው አንጀቴን በላው። ግን «አንጀት የሚበላ ድምፅ አላት» እንላለን እኮ። ያቺ ኦሮራ ራሷ ምን አጣች? ድምፅ ተቸግሮ ያውቃል?

ሰምና ወርቅ፦

ልጆች፣ ጣልቃ ልግባ።

ነገሩ የሚፈታው «ማን ለማን አዘነ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው። «አንጀቴን በላው» ስል ጉዳቱ የሌላ ሰው ነው፣ የኔ ድርሻ ማዘን ነው። «ሆድ ባሰኝ» ስል ጉዳቱ የራሴው ነው። ሰው አስቀይሞኛል፣ ወይ የጠበቅሁት ቀርቶብኛል። «ሆዴ ባባ» ደግሞ በሁለቱ መሃል የተቀመጠ ነው። ማንም አልተጎዳም፣ እኔንም የነካኝ የለም፣ ግን እንባዬ ቅርብ ሆኗል። ሆደ ቡቡ የምንለው ሰው ይኸው ነው፣ በትንሽ በትልቁ ዓይኑ የሚሞላ።

ስለዚህ በደምሳሳው ባለታሪኩ አንጀት ይበላል፣ ዜማው ሆድ ያባባል። «አንጀት የሚበላ ድምፅ» ያልነው ከድምፁ ጀርባ የተጎዳ ሰው ስለሚታየን ነው። ዘፋኟ የሆነ ነገር የደረሰባት ይመስለናል። መሣሪያ ብቻውን ሲጫወት ግን እኔ «አንጀቴን በላው» ብዬ አላውቅም። «ሆዴን አላወሰው» እላለሁ። እስኪ ለራሳችሁ ጮክ ብላችሁ ሞክሩት።

በነገራችን ላይ አንጀት ለሐዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ። «አንጀቴ ራሰ» እርካታ ነው፣ «አንጀቴ አረረ» ቁጭት ነው። ግምገማ ስትጽፍ ሦስቱንም ታገኛቸዋለህ፣ አንዱን ሰባት ጊዜ ከምታመላልሰው።

አንድ ጨምሬ ልውጣ። ያው መደብር በ2018 ዝነኛውን ዘፋኝ ኤልተን ጆንን ራሱን ይዞ መጥቶ ነበር። ዛሬ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ይጀምርና ታሪኩ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ሕፃን ሆኖ ፒያኖ በስጦታ ያገኘበት ጠዋት ላይ ይቆማል። ይህ አንጀት አይበላም። ሰውዬው ምን ጎደለው! ይህ ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ በእኛ ቋንቋ ስሜቱም ቅኝቱም በአንድ ስም የሚጠራ ነውና ስለ ዘፈን ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል የት ይገኛል?

ጆሮ ጠቢ፦

ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። በተለይ የመሣሪያዋን ነገር ሞክሬያት እውነትዎን ነው።

ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እሱም ቃል ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች አንድ ዘዴ አገኙና ሙጭጭ አሉ። የታወቀ ዘፈን ይወስዳሉ፣ ከበሮውን አውጥተው ይጥላሉ፣ ፒያኖ ብቻ ያስቀራሉ፣ ከዚያ በሹክሹክታ የሚዘፍን ሰው ያመጣሉ። በ2012 እና በ2013 የጆን ሉዊስ ዘፈኖች ተከታትለው በእንግሊዝ የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዥ ቁጥር 1 ያዙ። የ2013ቱን እኔም ወድጄዋለሁ፣ ብርዱን ወራት ሁሉ ተኝቶ ስለሚያሳልፍ ገናን አይቶ የማያውቅ ድብ፣ ጓደኛው ጥንቸል የማንቂያ ሰዓት ስትሰጠው። ሊሊ አለን ነች የዘፈነችው። ከዚያ ወዲህ ግን ጎረቤት መደብሩ ሁሉ በዚያው መንገድ ነጎደ። ለመጀመሪያው ሰው «ለስለስ ያለ ዘፈን» እንበል። ለአሥረኛው ሰውስ? እኔ «ሙሾ አወረደ» ብዬ ነው የምጽፈው። በዓል ነው ወይስ ሐዘን ቤት?

ቃል ለቃሚ፦

ሙሾዋን ወስጃታለሁ 😂

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እርስዎን እያገኘሁ አንድ የከበደኝን ልጠይቅ። ሴንስበሪስ የተባለው የእንግሊዝ መደብር በ2014 ያወጣው አለ። የ1914ቱ ጦርነት፣ የገና ዋዜማ፣ እንግሊዞችና ጀርመኖች ምሽግ ለምሽግ ተፋጠው። ዘፈኑ ከሁለቱም ምሽግ በሁለት ቋንቋ ይሰማል፣ ያ በ1818 ኦስትሪያ ውስጥ ኦበርንዶርፍ በምትባል ከተማ መጀመሪያ የተዘመረው የጸጥታ ሌሊት መዝሙር። ወጥተው ይጨባበጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። ተኩስ ሲመለስ ወደየምሽጋቸው ይሮጣሉ፣ ጀርመናዊውም እጁን ኪሱ ሲከት አንድ ቸኮሌት ያገኛል። እንግሊዛዊው ደብቆ ከትቶለት ነው።

እኔ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ቸኮሌቱ መደብሩ ውስጥ ይሸጥ ነበር! ትርፉ ለቀድሞ ወታደሮች መርጃ ድርጅት እንዲሆን ነው የተባለው፣ ቢሆንም ብዙ ሰው «በሞቱት ትነግዳላችሁ» ብሎ ተቆጣ። እንባዬም እውነት ነው፣ መታለሌም እውነት ነው። ለዚህ ቃል አለን?

ሰምና ወርቅ፦

አለን እንጂ። «አባባ» እና «አባበለ» ብለህ ጎን ለጎን ጻፋቸው። የሚለያዩት በመጨረሻዋ ብቻ ነው። ሆድ ይባባል፣ የሚያለቅስ ልጅ ይባበላል፣ ገዢም ይባበላል። «አባብሎ ሸጠልኝ» እንላለን አይደል? ማባበል ውስጥ ፍቅርም አለ፣ ተንኮልም አለ። እናትም ታባብላለች፣ ደላላም ያባብላል። ያልከው ማስታወቂያ ሆድ አባብቶ ኪስ ያባበለ ነው። «ሸነገለ» ብትል ግን አላስማማህም፤ ሽንገላ ውስጥ እውነት የለም። እነዚያ ወታደሮች ግን የእውነት ዘምረዋል፣ በዚያ ገና በአንዳንዱ ግንባር ተኩሱ የእውነት ቆሟል።

ቃል ለቃሚ፦

«ሆድ አባብቶ ኪስ ያባበለ»! ይቺን ርዕስ ባደርጋት ይከፋዎታል?

ሰምና ወርቅ፦

ውሰዳት፣ አላስከፍልም።

ጆሮ ጠቢ፦

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንምጣ። የሚያስለቅሱት ሳይሆኑ የሚለጥፉት። ጂንግል የምንላቸው፣ አጫጭሮቹ የማስታወቂያ ዜማዎች። እነዚህን በአማርኛ ምን እንበላቸው? «የማስታወቂያ መዝሙር» የሚል ቦታ አይቻለሁ፣ ግን ሰው ሳሙና ሊገዛ ሄዶ የሚሳለም ያስመስለዋል።

እነዚህ ደግሞ የበዓል ልጆች ናቸው። በ1926 በገና ዋዜማ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አራት ወንዶች በሬዲዮ ቀርበው ስለ ዊቲስ፣ ስለ ቁርስ እህል ማለት ነው፣ ዘፈኑ። የተዘፈነ ማስታወቂያ ከዚያ ይጀምራል የሚባለው። ኋላ ኩባንያው ምርቱን ሊያቆም ሲል ሽያጩ የበዛው ዘፈኑ በሚሰማበት አካባቢ ሆኖ ተገኘና ዳነ።

ሌላም ልጨምር፣ ከጆሮ አልወጣ ያለን ዜማ ፈረንጆቹ «የጆሮ ትል» የሚሉትስ? ከጀርመኖቹ ኦርቩርም ተወስዶ ነው። አንድ ቦታ በአማርኛ «ዘፈኑ የጆሮ ትል ሆነብኝ» ተብሎ ተተርጉሞ አየሁና ጆሮዬን አከከኝ። ሐኪም ቤት ሂድ የሚያሰኝ እንጂ ዘፈን የሚያስታውስ አይደለም።

ቃል ለቃሚ፦

«ጆሮ ገብ ዜማ» አይበቃም?

ጆሮ ጠቢ፦

ጆሮ ገብ ምስጋና ነው። ገባ ይላል እንጂ አልወጣ አለ አይልም። እኔ የምፈልገው አልወጣም ያለውን ነው።

ሰምና ወርቅ፦

እናንተ ልጆች እጃችሁ ላይ ያለውን ነው የምትፈልጉት።

ጂንግል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ የትንንሽ ደወሎች ድምፅ ነው። ትንሽ ደወል በአማርኛ ምንድን ነው? ቃጭል። ከብቱ አንገት ላይ የሚታሰረው፣ ቅዳሴ ላይ የሚመታው። ከቃጭል «አቃጨለ» ይመጣል። አሁን ደግሞ የሰው ድምፅ ወይ ዘፈን ከጆሮህ አልጠፋ ሲል ምን ትላለህ? «እስካሁን በጆሮዬ ያቃጭላል» አትልም? የፈረንጆቹን ሁለት ቃል አማርኛው በአንድ ሥር ይዞታል። ትሉም አያስፈልግ።

ቃል ለቃሚ፦

ኧረ ጉድ! በቀን ስንቴ እለዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን ቃጭልን አስቤ አላውቅም። እንደዚያ ከሆነ «የማስታወቂያ ቃጭል» ልንል ነው?

ጆሮ ጠቢ፦

ቆይ ቆይ። «ያቃጭልብኛል» ላይ ሙሉ በሙሉ ተስማምቻለሁ። «የማስታወቂያ ቃጭል» ግን አሁን ተነስተህ ብትጽፈው አንባቢ በግ ሊፈልግ ነው። ጂንግልን ጂንግል ብለህ ተወው፣ ሰዉ ለምዶታል። ግሱን ነው መውሰድ ያለብህ።

ሰምና ወርቅ፦

ይሁን፣ በዚህ አልጣላም። ቃል በግድ አይለመድም።

ቃል ለቃሚ፦

በሉ እንግዲህ ጽፌ ጨረስኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ላሳያችሁ።

ስለ ኮካ ኮላ መኪኖች፣ እነዚያ በ1995 ጀምረው መብራት ተንቆጥቁጠው የሚመጡት፦ «ታሪክ የለው፣ ባለታሪክ የለው፣ አንጀት አይበላ፣ ሆድ አያባባ፤ ግን አዝማቹ አንዴ ሲነሳ ቤቱ ሁሉ በዓል በዓል ይላል።» (በዓል በዓል ይሸታል ልል ነበር፣ ግን በድምፅ የመጣ ነገር ስለሆነ «ይላል» ተሻለኝ።)

ስለ ሄርሺ ቸኮሌት፣ ከ1989 ጀምሮ የሚታየው፦ «ዘፋኝ የለም። ቀይና አረንጓዴ የለበሱ ቸኮሌቶች እንደ ደወል ተደርድረው እየተወዛወዙ ዜማውን ይመታሉ፣ ሲያልቅ አንዱ ቀይ ደክሞት ግንባሩን ይጠርጋል። በ2020 ነካ ነካ አድርገው ሊለውጡት ሲሉ ተመልካቹ በቁጣ ተነሳባቸው፣ ለሠላሳ ዓመት በጆሮው ሲያቃጭል የኖረውን ማን ይንካበት!»

ሰምና ወርቅ፦

ሁለተኛዋ አንጀቴን አራሰችው። የመጀመሪያዋ ላይ «ተንቆጥቁጠው» ለመኪና አይሆንም፣ «ተንቆጥቁጦባቸው» በል። መብራቱ ነው የሚንቆጠቆጠው እንጂ መኪናው አይደለም።

ቃል ለቃሚ፦

ተስተካክሏል ጋሼ።

ጆሮ ጠቢ፦

ጥሩ ሆኗል። ግን ያንን የቸኮሌት ደወል ማን አንሳ አለህ? ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ ይኸው እያቃጨለብኝ ነው።